ኃይል አልቀበል ስላለ የኤሌክትሪክ ስኩተር
በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ላሉ መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ሽማግሌዎች የተነገረ



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። አንድ ጎልማሳ ገንዘቡን አጠራቅሞ፥ የጎደለውንም ተበድሮ፥ የኤሌክትሪክ ስኩተር ይገዛል። ማታ ከግድግዳው ሶኬት ጋር አገናኝቶት ያድራል፤ ሲነጋ ግን ባትሪው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ይህ ነገር ለተመልካች ትንሽ ቢሆንም ለባለቤቱ ትንሽ አይደለም። የቀን ሥራው ይቀርበታል፤ የብድሩ ቀን ይደርስበታል፤ ወደ ገበያ የሚያደርሰው ዕቃ ይዘገይበታል። ከዚህም ሁሉ የሚከፋው፥ በጭንቀቱ ሽቦ እየቆረጠና እየቀጠለ የሚያደርገው ሙከራ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ቤቱንና ልጆቹን ሊያጠፋበት መቻሉ ነው።

መምህራን የተጠራችሁበት ምክንያት አለ። በቻርጀሩ ጀርባ የተለጠፈው ጽሕፈት በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ በመንደሩ ውስጥ ሊያነበው የሚችል ብዙ ጊዜ መምህሩ ነው። ሽማግሌዎችም የተጠራችሁበት ምክንያት አለ። ገዢው «ዕቃው ከመጀመሪያውም የተበላሸ ነበር» ሲል፥ ሻጩ ደግሞ «የለም፥ ያበላሸኸው አንተው ነህ» ሲል፥ ጠቡ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው። የነገሩን አካሄድ ያላወቀ ዳኛ እንዴት አድርጎ በቅን ሊፈርድ ይችላል? አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» ብለዋልና እኛም ከሥሩ እንጀምር።

በኤሌክትሪክ የሚሄድ ተሽከርካሪ በአገራችን እንዴት እየበዛ እንደ መጣ ማወቅ ይገባል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ በሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ላይ የነበረውን ቀረጥና ግብር አቀለለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ገንዘብ ተገዝተው ይመጣሉ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ግን ከገዛ ወንዞቻችን ይገኛል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ስለዚህ ዛሬ በከተማ የሚታየው ስኩተርና የኤሌክትሪክ ባጃጅ ነገ በየቀበሌው መታየቱ የማይቀር ነው። አገሩ የሚጠቀምበት ግን ዕቃውን መግዛት ብቻ ሳይሆን መጠበቅንም ያወቀ እንደ ሆነ ነው።

የባትሪም ነገር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። የኢጣልያው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ የገለጸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1800 ነው። እየተሞላ ደጋግሞ የሚሠራውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ሠራ። ቀላሉና ብዙ ኃይል የሚይዘው የሊቲየም ባትሪ ደግሞ በ1991 ለገበያ ቀረበ። በዛሬዎቹ ስኩተሮች ውስጥ የሚገኙት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ አንደኛው የእርሳስ፥ ሁለተኛው የሊቲየም። የእርሳሱ ከባድና በዋጋ ርካሽ ነው፤ የሊቲየሙ ቀላልና ውድ ነው። ጠባያቸው ስለሚለያይ፥ የአንዱን ቻርጀር ለሌላው መስጠት ፈጽሞ አይገባም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። የሮቢ ወንዝን ውኃ በቦይ እየሳበ ሽንኩርትና ማሾ ለሚያለማ የይፋት ሰው ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ማሳው ውኃ ባጣ ጊዜ የውኃ አባቱ ምን ያደርጋል? ማሳውን መቆፈር አይጀምርም። አስቀድሞ ወንዙ ውኃ እንዳለው ያያል፤ ቀጥሎ ዋናውን ቦይ፥ ከዚያ መዝጊያውን፥ ከዚያ ትንሹን ቦይ እየተከተለ ይወርዳል፤ በመጨረሻ ወደ ማሳው ይደርሳል። የስኩተሩም ምርመራ እንዲሁ ነው። ወንዙ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ነው፤ ዋናው ቦይ ቻርጀሩ ነው፤ መዝጊያው ፊውዙና ማብሪያ ማጥፊያው ነው፤ ማሳው ባትሪው ነው። ቮልት የሚሉት የውኃው ከከፍታ የመውረድ ግፊት ነው፤ አምፒር የሚሉት በቦዩ የሚያልፈው የውኃው ብዛት ነው። ውኃ ከዝቅታ ወደ ከፍታ እንደማይወጣ ሁሉ፥ የቻርጀሩ ቮልት ከባትሪው ቮልት ካልበለጠ ኃይል ወደ ባትሪው አይገባም።

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። አንደኛ፥ እጅ ደረቅ ይሁን፤ ቀለበት፥ አምባርና የእጅ ሰዓት ይውለቁ። የግድግዳው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነውና ይገድላል፤ የባትሪው 60 ወይም 72 ቮልትም በቆላ ሙቀት ላብ ላለው ሰው የሚናቅ አይደለም። ሁለተኛ፥ የቻርጀሩ ሣጥን አይከፈት፤ ከሶኬቱ ተነቅሎ እንኳ በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ኃይል ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። ሦስተኛ፥ ባትሪው አብጦ፥ ፈሳሽ አፍስሶ ወይም የተቃጠለ ነገር ሸትቶ የተገኘ እንደ ሆነ ምርመራው በዚያው ይቁም፤ ከቻርጀሩ ጋርም ዳግመኛ አይገናኝ።

በመጀመሪያ የግድግዳው ኃይል ይመርመር። በሶኬቱ ላይ መብራት ሰክቶ መበራቱን ማየት መልካም ጅምር ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። የዛሬው ቁጥብ አምፖል ኃይሉ ቢዳከምም እንኳ ስለሚበራ፥ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። መምህሩ በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ያንብብ፤ ከስንት ቮልት እስከ ስንት ቮልት እንደሚቀበል ተጽፎበታል። በአንዳንዱ ከ100 እስከ 240፥ በሌላው ከ180 እስከ 240 ተብሎ ይገኛል። ከዚያም በተለምዶ ቴስተር በሚሉት መለኪያ የሶኬቱ ቮልት ይለካ። የተገኘው በቻርጀሩ ላይ ከተጻፈው በታች ከሆነ፥ ጥፋቱ የስኩተሩ አይደለም።

ይህ ጉድለት በመስመር መጨረሻ ባሉ መንደሮች ይልቁንም በምሽት ይታያል። ምክንያቱም አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ የስኩተር ቻርጀር ግን ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዋት ነው። አንድ ምጣድ ከ10 ቻርጀር በላይ ይበላል ማለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ እንጀራ በሚጋግርበት ሰዓት በመስመሩ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ቻርጀሩም እንቢ ይላል። እንግዲህ ምሽት አልሞላ ያለው ስኩተር ንጋት ላይ የሚሞላ ከሆነ፥ ምስክርነቱ የመስመሩን ድካም ያሳያል እንጂ የባትሪውን ሞት አያሳይም።

ሁለተኛ፥ ቻርጀሩ በመብራቱ ይጠየቅ። የብዙዎቹ ቻርጀሮች ልማድ እንዲህ ነው፤ ኃይል እየሰጠ ሳለ ቀይ ይበራል፤ ባትሪው ሲሞላ፥ ወይም ከባትሪው ጋር ሳይገናኝ ሲቀር፥ አረንጓዴ ይበራል። አንዳንድ ፋብሪካ ከዚህ የተለየ ምልክት ስለሚያደርግ አስቀድሞ በላዩ የተጻፈውን ማንበብ ይገባል። ከዚህ በኋላ አራት ምልክቶችን አስተውሉ።

ቻርጀሩ ከግድግዳው ጋር ተገናኝቶ ምንም መብራት ካላሳየ፥ ሶኬቱም ደኅና መሆኑ ከታወቀ፥ ገመዱ ተቆርጧል ወይም ቻርጀሩ ሞቷል። ከስኩተሩ ጋር ሲገናኝ ባዶ ባትሪ እያለ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ፥ ኃይሉ በመንገድ ተቋርጧል፤ ቻርጀሩ ባትሪውን አላገኘውም ማለት ነው። ቀይ በርቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አረንጓዴ ከሆነና ስኩተሩ ጥቂት ሄዶ ከቆመ፥ ባትሪው አርጅቶ መያዝ አቅቶታል፤ ጥቂት ሲፈስበት የሚሞላ በደለል የተደፈነ ኩሬ ይመስላል። ሌሊቱን ሙሉ ቀይ ሆኖ ካደረና ባትሪው በጣም ከጋለ ደግሞ፥ ከባትሪዎቹ አንዱ በውስጡ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሁሉ የሚያስፈራው ስለ ሆነ ቶሎ ይነቀል።

ሦስተኛ፥ ገመዱና መሰኪያው ይታይ። በቆላ አቧራ የስኩተሩ መሰኪያ ቀዳዳ ይደፈናል፤ በክረምት ውኃ ይገባዋል፤ ከዚያም ዝገት ይበላዋል። ከሦስቱ ሹሎች አንዱ የጎበጠ፥ የጠቆረ ወይም ፕላስቲኩ የቀለጠ መሆኑን በቀን ብርሃን ተመልከቱ። አቧራውን፥ ቻርጀሩ ከግድግዳው ተነቅሎ ሳለ፥ በደረቅ ጨርቅና በደረቅ የፕላስቲክ ብሩሽ ማጽዳት ይቻላል፤ በብረት መርፌ መጎርጎር ግን ሹሎቹን አገናኝቶ እሳት ያስነሣል። የቀለጠ መሰኪያ ካለ ይለወጥ፤ በላስቲክ ጠቅልሎ መጠቀም መዘግየት ነው እንጂ መዳን አይደለም። ስታገናኙም ቻርጀሩን አስቀድማችሁ ከስኩተሩ ጋር፥ ቀጥሎ ከግድግዳው ጋር አገናኙ፤ ስትነቅሉ ደግሞ አስቀድማችሁ ከግድግዳው ንቀሉ። እንዲህ ሲሆን በመሰኪያው ላይ የሚዘለው ብልጭታ ያንሳል፤ ሹሎቹም ይቆያሉ።

አራተኛ፥ መዝጊያዎቹ ይታዩ። በብዙ ስኩተሮች ከመቀመጫው በታች አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ በአንዳንዶቹ እርሱ ካልተከፈተ ኃይል ወደ ባትሪው አይገባም። ልጅ ሲጫወት፥ ወይም በጥርጊያ መንገድ ሲንገጫገጭ ወርዶ ይሆናልና፥ ከመበሳጨት በፊት ይታይ። በአጠገቡም ፊውዝ አለ። ፊውዝ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሥራውም በአደጋ ጊዜ ስለ ሌላው ሁሉ መቃጠል ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ በተጻፈበት ልክ በሌላ መለወጥ ይገባል። በምስማር፥ በመዳብ ሽቦ ወይም በሲጋራ ብርጭቅ ወረቀት መቀጠል ግን ዘበኛውን አባርሮ በሩን ለሌባ ክፍት እንደ መተው ነው። አዲሱም ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ፥ በውስጥ የተነካካ ሽቦ አለና ሦስተኛ ፊውዝ አትፈልጉ፤ ባለሙያ ፈልጉ።

አምስተኛና መጨረሻው ባትሪው ነው። የእርሳስ ባትሪ ያለው ስኩተር ብዙ ጊዜ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎችን በተርታ ይይዛል፤ አራት ቢሆኑ 48፥ አምስት ቢሆኑ 60፥ ስድስት ቢሆኑ 72 ቮልት ይሆናሉ። የሞላና ጥቂት ያረፈ አንዱ ባትሪ 12.7 ቮልት ገደማ ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ያሳያል። መለኪያ ያለው ሰው እያንዳንዱን ለብቻው ይለካ። አራቱ 12.5 አሳይተው አምስተኛው 9 ቢያሳይ፥ በሽተኛው እርሱ ነው። በተርታ የታሰሩ በሬዎች አንዱ ሲደክም ሁሉም እንደሚቆሙ፥ እነዚህም አንዱ ሲሞት ሁሉም ይደክማሉ። ነገር ግን አንድ አዲስ ከአራት አሮጌ ጋር ማጣመር አዲሱን ቶሎ እንደሚያስረጅ ዕወቁ።

የእርሳስ ባትሪ ባዶውን ሲቀመጥ ይሞታል። ባለቤቱ ክረምቱን በሙሉ ስኩተሩን ባዶ አድርጎ ቢያቆመው፥ በእርሳሱ ላይ የጠጠረ የጨው ቅርፊት ይጋገርበታል፤ በመስከረም ሲሰካው አልቀበልም ይላል። የሊቲየሙ ባትሪ ደግሞ በውስጡ የሚጠብቀው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አለው፤ ቮልቱ ከመጠን በታች ሲወርድ በሩን ይዘጋዋል። አንዳንድ ሰው ይህን ዘበኛ አልፎ ሽቦ በቀጥታ በመስጠት «አነቃሁት» ይላል። ይህ ከሥራው ሁሉ የከፋ ነው፤ ከመጠን በላይ ባዶ ሆኖ የቆየ የሊቲየም ባትሪ በግድ ሲሞላ በውስጡ ተነካክቶ ሊቃጠል ይችላልና። ስለዚህ ስኩተሩን ለብዙ ጊዜ የሚያቆም ሰው፥ የእርሳሱን ሞልቶ በየወሩ ይሙላው፤ የሊቲየሙን ግማሽ ያህል ሞልቶ በጥላ ያስቀምጠው፤ አልፎ አልፎም ይመልከተው።

አሁን ለዚህ አገር በተለይ ወደሚያስፈልገው ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም ሙቀት ነው። ከጣርማ በር፥ ባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚሆነው ብርድ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል የሚወርድ መንገደኛ፥ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሰው ጋቢውን እንደሚያወልቅ ባትሪውም የአገሩን ለውጥ ያውቃል። አብዛኛው የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል እንዲሞላ አልተፈቀደም፤ በውስጡ ያለው ዘበኛ መግቢያውን ይዘጋል። በቀትር ከሰንበቴ ወይም ከአጣዬ በርሮ የመጣ ስኩተር፥ ከፀሐይ ወደ ቆርቆሮ ቤት ገብቶ ወዲያው ቢሰካ አልቀበልም ማለቱ ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው። በጥላ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይረፍ፤ በእጅ ሲነካ መብረዱ ሲታወቅ ይሰካ። ውኃ ማፍሰስ ግን ክልክል ነው። በውርጭ በታወቀው በደብረ ብርሃን ያለ ዘመዳችሁም የሊቲየም ባትሪን ከ0 ዲግሪ በታች እንዳይሞላ ምከሩት፤ ብርዱም እንደ ሙቀቱ ይጎዳዋልና።

እንግዲህ የሚያስቸግር ነገር ይታያል። በቀትር ሙቀቱ ይከለክላል፤ በምሽት የመስመሩ ድካም ይከለክላል፤ በሌሊት ደግሞ ሰው ተኝቶ ሳለ ባትሪ መሙላት ያሰጋል። መቼ ይሞላ? ለይፋት ቆላ የሚሻለው ንጋት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ቤተ ሰብም ነቅቷል። ባለ 60 ቮልትና ባለ 20 አምፒር ሰዓት ባትሪ በ2.5 አምፒር ቻርጀር ከባዶ ለመሙላት 8 ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በ5 ሰዓት ከግማሽ በላይ ያገኛል፤ ይህም ለብዙ ሰው የቀን ሥራ ይበቃል። የሊቲየም ባትሪ በግማሽ መሙላት አይጎዳውም። የእርሳሱ ግን ሙሉውን ማግኘት ስለሚወድ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን፥ ሥራ በሌለበት ዕለት፥ በጥላ እስኪሞላ ይጠበቅ። ወጪውን ለሚፈራም ሰው ይህ ይነገረው፤ ያ ባትሪ የሚይዘው ኃይል 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህም አንድ ምጣድ በ20 ደቂቃ ገደማ የሚበላው ነው።

ስለ እሳት አደጋም ሳይነገር አይታለፍም። ስኩተር ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ፥ ይልቁንም በአንዲቱ መውጫ በር አጠገብ፥ አይሞላ። በር ላይ የተነሣ እሳት የቤቱን ሰው ሁሉ ውስጥ ይዘጋዋል። በገለባ፥ በኬሻ፥ በነዳጅ ጀሪካንና በፍራሽ አጠገብም አይቀመጥ። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለ ተቀጣጣይ አየር ሊወጣው ይችላልና ነፋስ የሚገባበት ስፍራ ያሻዋል፤ ክብሪትና ሲጋራ በአጠገቡ አይለኮስ። የሊቲየም ባትሪ ሲያፏጭ ወይም ሲጨስ ያየ ሰው ስኩተሩን አልጎትት፤ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ያውጣ፤ ጢሱ መርዝ ነው። የቤቱን ቆጣሪ ማጥፋት ከቻለ ያጥፋ፤ ከዚያ በኋላ ከሩቅ ብዙ ውኃ ማፍሰስ ባትሪውን ያቀዘቅዘዋል። ጥቂት ውኃ ወይም አፈር የእሳቱን ነበልባል ቢያጠፋ እንኳ የውስጡን ግለት አያበርደውም፤ ከሰዓታት በኋላ እንደ ገና ሊነሣ ይችላልና ከቤት ርቆ ሜዳ ላይ ይተው። ንብረት ይተካል፤ ሰው አይተካም።

ሽማግሌዎች ሆይ፤ አሁን የእናንተን ሥራ የሚመለከት ነገር እንናገር። ሻጭና ገዢ በእግራችሁ ሥር ሲቀመጡ፥ መለኪያ እንኳ ባይኖር፥ እውነትን የሚያወጣ አንድ ቀላል መንገድ አለ። እርሱም ማለዋወጥ ነው። በቮልትም በባትሪ ዓይነትም ፍጹም አንድ የሆነ ሌላ ደኅና ስኩተር ከነቻርጀሩ ይምጣ። አስቀድሞ የተከሰሰው ቻርጀር ደኅናውን ስኩተር ይሙላ፤ ከሞላው ቻርጀሩ ነጻ ነው። ቀጥሎ ደኅናው ቻርጀር የተከሰሰውን ስኩተር ይሙላ፤ ካልሞላው ጥፋቱ ከስኩተሩ ዘንድ ነው። ይህ ሁሉ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት፥ በአንድ ሶኬት፥ በረፋድ ይደረግ። የተከሰሰው ቻርጀር ግን የጋለ፥ የሸተተ ወይም የቀለጠ ከሆነ ደኅናው ስኩተር በእርሱ አይፈተን። በቮልት ወይም በዓይነት የተለያዩ ከሆኑም አይለዋወጡ፤ ለ72 ቮልት የተሠራ ቻርጀር ባለ 48ቱን ባትሪ ያቃጥላልና።

የተገኘውም ይጻፍ፤ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የመብራቱ ቀለም፥ ቮልቱ፥ ሞላ ወይስ አልሞላም። በሰው ትዝታ የሚዳኝ ነገር በማግሥቱ ይለወጣል፤ በወረቀት የሰፈረ ግን ይጸናል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቀላል ነው። ዕቃው ሳይከፈት፥ ሳይቆረጥ፥ በራሱ ቻርጀር እየተሞላ፥ በውሉ በተወሰነው የዋስትና ዘመን ውስጥ ከደከመ፥ ሻጩ ቃሉን ይጠብቅ። ገዢው በሌላ ቻርጀር ሞልቶት፥ ፊውዙን በምስማር ቀጥሎት ወይም ሣጥኑን ከፍቶት ከሆነ ደግሞ እውነቱን ይናገር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም፤ የሽቦውን ቁራጭ የደበቀ ሰው ጠጋኙን ሰው ለአደጋ ይሰጠዋል። ጥፋቱ የመስመሩ ድካም ሆኖ ከተገኘ ግን ሁለቱም ንጹሓን ናቸው፤ መንደሩ በአንድነት ጉድለቱን ጽፎ ለመብራት ኃይል ያመልክት። አንድ ሰው ብቻውን ከሚጮኽ፥ የአሥር ቤት ልኬት በአንድ ወረቀት ተጽፎ ቢቀርብ ይሰማል።

መምህራን ሆይ፤ ይህ ነገር ለክፍላችሁ መልካም ትምህርት ነው። ልጁ የቮልትንና የአምፒርን ማባዛት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሲማረው ይረሳዋል፤ የአባቱን ቻርጀር ጽሕፈት አንብቦ ዋቱን ሲያሰላ ግን አይረሳውም። ሳይነኩ፥ በማንበብና በማየት ብቻ፥ ሊማሩት የሚችሉት ብዙ ነው፤ መነካካቱ ለዐዋቂ ይቅር። በይፋት ገበያ አማርኛ፥ ኦሮምኛ፥ አርጎብኛና አፋርኛ ይነገራሉና፥ የተማረው ልጅ ለጎረቤቱ በየቋንቋው ሊያስረዳ ይችላል። አስቀድማችሁም ይህን ቅደም ተከተል በቃላቸው ይያዙ፤ ግድግዳ፥ ቻርጀር፥ ገመድና መሰኪያ፥ ማብሪያና ፊውዝ፥ ባትሪ። ሥርዐት ያለው ጥያቄ መጠየቅ ከስኩተሩ ይልቅ የሚበልጥ ሀብት ነው፤ በታመመ በሬም፥ በደረቀ ጕድጓድም፥ ባልበቀለ ዘርም ይሠራልና።

አንድ ነገር ግን ለልጆች አጥብቃችሁ አስጠንቅቁ። ያረጀ የእርሳስ ባትሪ በጓሮ አይሰበር፤ እርሳሱም በማድቤት ምድጃ አይቅለጥ። በውስጡ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ቆዳንና ዐይንን ያቃጥላል፤ የነካው ሰው ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ለረጅም ጊዜ ይታጠብ፤ ዐይኑን ከነካው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእርሳሱ ጢስና ዱቄት ደግሞ ሳይታይ ወደ ሰውነት ይገባል፤ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ አይመለስም። አሲዱ በቦይ ዳር ቢፈስ ማሳውንና የከብቱን ውኃ ያበላሻል። ስለዚህ ያረጀው ባትሪ ሳይሰበር ወደ ሻጩ ወይም አሮጌ ባትሪ ወደሚሰበስብ ነጋዴ ይመለስ።

የነገሩ ማጠቃለያ ይህ ነው። ስኩተሩ አልቀበልም ባለ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ብልሐት እንጂ ብርታት አይደለም። ከብዙ ጊዜ ምክንያቶች አብዛኞቹ ያለ ገንዘብ የሚገኙ ናቸው፤ የደከመ መስመር፥ የወረደ ማብሪያ፥ የቆሸሸ መሰኪያ፥ የጋለ ባትሪ። ባትሪው የስኩተሩ ውድ ክፍል ነውና «ሞቷል» ተብሎ ሳይመረመር የተጣለ ባትሪ ለባለ ዕዳው ቤት ሁለተኛ ዕዳ ነው። ተመርምሮ ጥፋቱ በውስጥ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ፥ የተጻፈውን ወረቀት ይዞ ወደ ባለሙያ መሄድ ይገባል፤ ባለሙያውም ሥራውን ከመካከል ይጀምራል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ይህን የሰማችሁ ሁሉ ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩ። በተለይም ዛሬ ማታ ስኩተሩን በልጆቹ መኝታ አጠገብ፥ በበሩ ላይ፥ ሰክቶ ሊተኛ ያሰበ ሰው በመንደራችሁ ካለ፥ ሳይመሽ ድረሱለት።